ማገርና ደንጊያ፤ በመካና በጅዳ ስለ ነበረው ጥንታዊ የቤት አሠራር

፩

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፤ ይኸውም ምድሩ የሚሰጠውን፣ ሰማዩ የሚልከውን፣ የእጁም ገንዘብ የሚያደርሰውን ነው። ምድሩ ደንጊያና ጭቃ፣ ሲቀናም ዕንጨት ይሰጣል፤ ሰማዩ ፀሓይን፣ ዝናምንና ነፋስን ይልካል። እነዚህን መርምሮ የተሠራ ቤት ከሠሪው ዕድሜ ያልፋል፤ ሳይመረምር የተሠራ ግን ውጭው ቢያምርም ባለቤቱን ዕለት ዕለት ማገዶና ገንዘብ ሲያስገብረው ይኖራል።

በዛሬው ዘመን የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት በየአገሩ እየተሰበሰቡ፣ ምድርን ሳያራቁቱና ብዙ ነዳጅ ሳያቃጥሉ ቤት መሥራት እንዴት ይቻላል እያሉ ይመካከራሉ። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ የጥንት ሰዎች በእጃቸው ሥራ የመለሱት ነው። መልሱ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ ከኢትዮጵያ በባሕረ ኤርትራ ማዶ የሚገኘው የሒጃዝ ምድር ነው፤ በዚያ ያሉት መካና ጅዳ ዕንጨት በማይበቅልበት ምድር ዕንጨትን በጥበብ የተጠቀሙ ከተሞች ናቸው። የመካውም ሥራ ከአክሱም ጋራ የሚያገናኘው ነገር ስላለ፣ ታሪኩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የባዕድ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፪

መካ በደረቅ ተራሮች መካከል፣ በሸለቆ ውስጥ የተመሠረተች ከተማ ናት። ተራሮቿ ደንጊያ ይሰጣሉ፤ ለሕንፃ የሚበቃ ዕንጨት ግን አይሰጡም። ዝናም በድንገት በጣለ ጊዜም ውሃው ከተራሮቹ ሁሉ ወርዶ ወደ ሸለቆው ስለሚሰበሰብ፣ ካዕባ ተብሎ የሚጠራው፣ ዐረቦች ከጥንት ጀምሮ የሚሳለሙት ቤት ብዙ ጊዜ በጎርፍ ተጎድቷል። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የመካ ታሪክ ጸሓፊ አል አዝረቂ እንደ ተረከው፣ ጥንታዊው ካዕባ ያለ ጭቃ በደንጊያ ብቻ የተካበ፣ ጣራም ያልነበረው ነበረ። አንዲት ሴት ዕጣን ስታጥን የእሳት ፍንጣሪ ወጥቶ መጋረጃውን አቃጠለው፤ ጎርፍም ተጨምሮ ግንቡን አናጋው። ስለዚህ የከተማይቱ አለቆች የነበሩት ቁረይሾች በ608 ዓ.ም. ገደማ አፍርሰው እንደ ገና ሊሠሩት ተማከሩ።

ለሥራውም የሚወጣው ገንዘብ በንጹሕ መንገድ የተገኘ እንዲሆን፣ የአራጣም ሆነ የግፍ ገንዘብ እንዳይገባበት ተስማሙ። ንጹሑ ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ከጥንቱ መሠረት ከፊሉን በውጭ ትተው የቤቱን ርዝመት በዐቅማቸው አሳጠሩት እንጂ በሌላ ገንዘብ አላሟሉትም። ይህ ነገር ለሚሠራ ሰው ሁሉ ትምህርት ነው።

ዕንጨቱን ያገኙት ባላሰቡት መንገድ ነው። በዚያው ወራት አንድ የሮም መርከብ ሹዐይባ በሚባለው ወደብ ተሰብሮ ነበረ። ሹዐይባ ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ የነበረች ናት፤ ጅዳ በእርሷ ቦታ የተተካችው በኸሊፋው በዑሥማን ዘመን በ647 ዓ.ም. ነው። ቁረይሾች የተሰበረውን መርከብ ዕንጨት ገዝተው ወደ መካ አስመጡ፤ ከመርከቡም ሰዎች ባቁም የሚባል ጠራቢና ግንበኛ አገኙ። ባሕር የሰበረው መርከብ፣ ሌላ ሰው ማገዶ ያደርገው የነበረው ዕንጨት፣ በዚህ ጥበብ የቤት ማገርና ጣራ ሆነ።

የቤቱም አሠራር እንዲህ ነበረ። አንድ ረድፍ ደንጊያ፣ በላዩ አንድ ረድፍ ዕንጨት እየተፈራረቀ ግንቡ ወደ ላይ ወጣ፤ የደንጊያው ረድፍ 16፣ የዕንጨቱ ረድፍ 15፣ በድምሩ 31 ሆነ። ቁመቱ 18 ክንድ ነበረ፤ ጣራውም በሁለት ረድፍ በቆሙ 6 ምሰሶዎች ተደገፈ። በሩ ጎርፍ እንዳይገባበት ከምድር ከፍ ብሎ ተሠራ፤ የሚገባውም ሰው በመሰላል የሚወጣ ሆነ። በውስጡም ከሌሎች ሥዕሎች ጋራ የእመቤታችን የማርያምና የልጇ ሥዕል ይገኝ እንደ ነበረ ያው ጸሓፊ መስክሯል።

፫

የእስላም ሕንፃዎችን ታሪክ በመመርመር የታወቀው እንግሊዛዊው ክሬስዌል በ1951 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ይህን የአል አዝረቂን ቃል ከኢትዮጵያ ሕንፃዎች ጋራ አስተያይቶ፣ የ608ቱ ካዕባ በአክሱም አሠራር የተሠራ ነው ሲል ፈረደ። ባቁም የሚለውም ስም ዕንባቆም ከሚለው ከግእዙ አጠራር አጥሮ የወጣ ሊሆን እንደሚችል የገመቱ አሉ። አል አዝረቂ ግን ባቁምን ሩማዊ ይለዋል፤ ግብጻዊ ነው ያሉም አልታጡም። የሰውየው ዘር ቢያከራክርም የሥራው ዘር በዐይን የሚታይ ነው።

በደንጊያ መካከል ዕንጨት ማጋደም የአንድ ሕዝብ ብቻ ጥበብ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ያሠራው የውስጠኛው አደባባይ ሦስት ረድፍ የተጠረበ ደንጊያና አንድ ረድፍ የዝግባ ዕንጨት እንደ ነበረው በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል፤ ይህን የመሰለው ትእዛዝ በመጽሐፈ ዕዝራም ይገኛል። በአናጦልያም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የታወቀ ነበረ። ነገር ግን ረድፉ በየተራው ሳያቋርጥ እየተፈራረቀ፣ ከመሠረት እስከ ጣራ የሚወጣበት ሕንፃ በይበልጥ የሚታወቀው በኢትዮጵያ ነው።

ለዚህም ሦስት ምስክሮች ይበቃሉ። አንደኛው የአክሱም ሐውልቶች ናቸው። በ1937 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ዓ.ም. የተመለሰውና በ2008 ዓ.ም. በቦታው የቆመው፣ 24 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት፣ ከአንድ ደንጊያ የተፈለፈለ ሲሆን የዕንጨት ማገርን፣ የመስኮትንና የበርን መልክ ይዟል፤ ጠራቢዎቹ በደንጊያው ላይ የቀረጹት በዘመናቸው የነበረውን የቤት አሠራር ነው። ሁለተኛው በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛው በላስታ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው፣ ንጉሡ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእርሱ ጥቁሩ የዕንጨት ረድፍና ነጩ የተለሰነ ደንጊያ ተፈራርቀው ለተሳላሚው ከሩቅ ይታያሉ።

የአሠራሩ ምሥጢር ይህ ነው። ረጃጅም ዕንጨቶች በግንቡ ውስጥና ውጭ ገጽ ላይ በርዝመቱ ይጋደማሉ፤ እነዚህ ማገሮቹ ናቸው። አጫጭር ዕንጨቶች ደግሞ የግንቡን ውፍረት ተሻግረው ሁለቱን ገጾች ያያይዛሉ፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል የዝንጀሮ ራስ ተብለዋል። በመካከል ያለው ቦታ በትናንሽ ደንጊያና በጭቃ ይሞላል። ዕንጨቱ እንደ ጅማት፣ ደንጊያው እንደ ሥጋ ነው።

ከዚህም ሦስት ጥቅሞች ይገኛሉ። መጀመሪያ፣ ግንቡን የሚይዘው ማገሩ ስለ ሆነ ትልልቅ ደንጊያ መጥረብ፣ ኖራም ለማቃጠል ዛፍ መፍጀት አያስፈልግም፤ የሜዳ ደንጊያና ጭቃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ክብደቱ በዕንጨቱ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚወርድ ምድር ብትናወጥ ወይም መሠረቱ ቢሰምጥ፣ ስንጥቁ ከታች እስከ ላይ ሳይዘልቅ በማገሩ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ቤቱ የሚጠገን ቤት ነው። አንድ ማገር ቢበሰብስ እርሱን አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። በ1948 ዓ.ም. የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ ማቲውስ በተባለ እንግሊዛዊ መሪነት በጥንቱ ሥርዐት ታድሷል፤ ይህ ሊሆን የቻለው አሠራሩ ራሱ መታደስን የሚቀበል ስለ ሆነ ነው።

ኢትዮጵያውያን ጠራቢዎች በዐረብ ምድር መገኘታቸውም የሚያስደንቅ አይደለም። በ525 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የሐምያርን መንግሥት ድል ካደረገ በኋላ አብርሃ በየመን ነግሦ በሰንዓ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቷል፤ ዐረቦች አል ቀሊስ ይሏታል። በ615 ዓ.ም. ደግሞ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ንጉሥ የተጠጉት የመጀመሪያዎቹ እስላሞች በመርከብ የተነሡት ከዚያው ከሹዐይባ ነው። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ሰውም፣ ሸቀጥም፣ የእጅ ጥበብም ይመላለስ ነበረ።

ይህ አሠራር ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በ683 ዓ.ም. መካ በጦር ተከባ ሳለች በካዕባ እሳት ተነሣ፤ የዕንጨቱ ረድፍ ሲቃጠል የደንጊያው ረድፍ ተላቀቀ። ዓብደላህ ኢብን ዙበይር የቀረውን አፍርሶ ቤቱን በደንጊያ ብቻ አሠራው። የዕንጨት ጠላቶች እሳት፣ ርጥበትና ምስጥ ናቸው፤ ዕንጨት ያለበት ቤት ሁልጊዜ ጠባቂ ይሻል።

፬

የማገሩ ጥበብ በካዕባ ቢቀርም በሒጃዝ ከተሞች አልጠፋም። ከዘመናት በኋላ በጅዳ ቤቶች ውስጥ በሌላ መልክ ይታያል።

ጅዳ የሙቀትና የወበቅ አገር ናት። ደንጊያዋን የምታገኘው ከባሕር ነው፤ ይኸውም በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት አጽም የተጠራቀመ፣ ኮራል የሚሉት ደንጊያ ነው። የአገሩ ሰዎች መንቀቢ ይሉታል። ደንጊያው ቀላልና ለመጥረብ የማያስቸግር፣ ቀዳዳም የበዛበት ነው፤ በቀዳዳዎቹ የታሰረው አየር የውጭው ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያደርጋል። ነገር ግን ጨውና ርጥበት ይበሉታል፤ ክብደት ሲበዛበትም ይደቅቃል። ስለዚህ ግንበኞቹ በግንቡ ውስጥ በየመጠኑ ርቀት ዕንጨት እያጋደሙ ክብደቱን አከፋፈሉት፤ ፊቱንም በኖራ እየለሰኑ ከጨው ነፋስ ጠበቁት። በዚህ ዘዴ ከደካማ ደንጊያ አራትና አምስት ደርብ፣ ከዚያም በላይ የሚደርስ ቤት ለማቆም ቻሉ።

ዕንጨቱ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከህንድና ከጃዋ መርከቦች ሸቀጥና ተሳላሚ ይዘው ሲመጡ ጠንካራ ዕንጨትም ይጭኑ ነበረ። ውድ ስለ ሆነም የሚገባው በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነበረ፤ በግንቡ ማገር፣ በጣራው ወራጅ፣ በበሩና በመስኮቱ ላይ። መስኮቱ ሮሻን ይባላል። ይህ ከግንቡ ወደ ውጭ የወጣ፣ በቀጫጭን ዕንጨት የተጠላለፈ እንደ ሳጥን ያለ ክፍል ነው። ፀሓይ ግንቡን እንዳትመታ ጥላ ይጥላል፤ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ በቀዳዳዎቹ ያስገባል፤ በውስጥ ያሉት ሴቶችም ሳይታዩ መንገዱን ያያሉ። በእርሱ ውስጥ የሚቀመጠው የሸክላ ማሰሮ ነፋስ ሲያገኘው ውሃው ይቀዘቅዛል። መንገዶቹ ጠባቦች ስለ ሆኑ ቤት ለቤት ጥላ ይሆናል፤ ሞቃቱም አየር በደረጃው በኩል ወደ ሰገነት ይወጣል፤ ሌሊት ሰዎች በሰገነቱ ላይ ይተኛሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለማቀዝቀዣ የሚቃጠል አንዲት ጭራሮ የለችም።

የስዌዝ ቦይ በ1869 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የጅዳ ንግድ ስለ ሰፋ ነጋዴዎቿ ከፍ ከፍ ያሉ ቤቶችን አሠሩ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1881 ዓ.ም. የተፈጸመው የዑመር ነሲፍ ቤት ነው። በደጁ አንዲት ዛፍ ነበረች፤ በከተማይቱ ውስጥ ከእርሷ በቀር ሌላ ዛፍ ስላልነበረ ቤቱ ባለዛፉ ቤት እየተባለ ይጠራ ነበረ። ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ በ1925 ዓ.ም. ጅዳን በያዘ ጊዜ ያረፈው በዚህ ቤት ነው። አንዲት ዛፍ ብቻ በነበረባት ከተማ እንዲህ ያለ የዕንጨት ጥበብ መገኘቱ፣ ጥበብ ከብዛት ሳይሆን ከቍጠባ እንደሚወለድ ያሳያል።

፭

በዐረብ ምድር በ1938 ዓ.ም. ብዙ ነዳጅ ዘይት ከተገኘ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1947 ዓ.ም. የጅዳ ቅጥር ፈረሰ፤ ከተማይቱም ወደ ሜዳው ተዘረጋች። ባለጸጎቹ ቤተ ሰቦች የአባቶቻቸውን ቤት ትተው በሲሚንቶና በብረት ወደ ተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ገቡ፤ አሮጌዎቹን ቤቶች ከየአገሩ የመጡ ድኾች ሠራተኞች ተከራዩአቸው። ባለቤት በሌለበት ቤት ኖራውን የሚያድስ፣ የበሰበሰውን ማገር የሚለውጥ ታጣ። አንዳንዱም እጠግናለሁ ብሎ ግንቡን በሲሚንቶ ለሰነው፤ ሲሚንቶ ግን እንደ ኖራ ስለማይተነፍስ ጨዋማውን ርጥበት በውስጥ አፍኖ ደንጊያውን አበሰበሰው። ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ ብዙዎችም ተቃጠሉ።

አዲሱ ቤት በሌላ መንገድ የሚያስከፍለው ዋጋ ነበረው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ደንጊያ እስከ 1450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል፤ በዛሬው ጊዜ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ጢስ ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ የሚሆነው ከዚህ ሥራ የሚወጣ ነው። ቀጭኑ የሲሚንቶ ግንብ ደግሞ በፀሓይ ሲግል ያለ ማቀዝቀዣ መኪና አያስቀምጥም፤ በሳዑዲ ዐረቢያ ቤቶች ከሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኀይል ከግማሽ የሚበልጠው ለማቀዝቀዣ ይውላል። አባቶች በጥላና በነፋስ ያገኙትን ልጆች በነዳጅ ይገዙታል።

በመካ የሆነው ከዚህ የበረታ ነው። የተሳላሚው ቍጥር በሚሊዮን ስለ ደረሰ መስጊዱን ማስፋት ግድ ሆነ፤ በዙሪያው የነበሩት ሮሻን ያላቸው የደንጊያ ቤቶችም ከሞላ ጎደል ጠፉ። በ2002 ዓ.ም. የአጅያድ ምሽግ ፈርሶ በቦታው በ2012 ዓ.ም. የተፈጸመው፣ 601 ሜትር ቁመት ያለው የሰዓት ግንብ ቆመ።

ይሁን እንጂ ጥንታዊው ጥበብ ፈጽሞ አልተረሳም። በ1981 ዓ.ም. በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ለተሳላሚዎች የተሠራው ማረፊያ ከ210 ታላላቅ ድንኳኖች የተሰናዳ ነው፤ ነጩ ሸራ ፀሓይን ይመልሳል፣ ሞቃቱም አየር በድንኳኑ አናት ይወጣል፣ ከታች ያለው ሕዝብ ያለ ማቀዝቀዣ መኪና በጥላ ያርፋል። በመካ መስጊድ አደባባይ የተነጠፈው ከግሪክ አገር ከታሶስ ደሴት የመጣ ነጭ እብነ በረድ ብርሃንን ስለሚመልስ በቀትር እንኳ እግር አያቃጥልም። የእሳትም ትምህርት ዳግመኛ ተገኝቷል፤ በ1997 ዓ.ም. በሚና የተሳላሚዎች ድንኳን ተቃጥሎ ከ340 የሚበልጡ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ድንኳኖቹ እሳት በማይዘው ሸራ ተለውጠዋል። የጅዳ አሮጌ ከተማም በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ2019 ዓ.ም. 56 ቤቶችን ለማደስ 50 ሚሊዮን ሪያል ታዘዘ።

፮

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ጅዳ ቤቶቿን ከመውደቅ ልታድን ስትነሣ ገንዘብ አልጐደላትም፤ የጐደላት ኖራውን በየጊዜው ያድስ የነበረው ነዋሪ ነው። ያ ሰው ከቤቱ በወጣ ጊዜ ልማዱም አብሮት ወጣ።

በኢትዮጵያ ያሉት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ማገራቸው በአብዛኛው የጽድና የወይራ ዕንጨት ነው። ጽድ ምስጥን ይቋቋማል፤ ወይራ ክብደትን ይችላል፤ ሁለቱም ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። ዕንጨት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ በመሥራቾቿ ዘመን አይታለች፤ በዙሪያዋ ያለው ደን አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሳለ፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለጎጆ ይበቃል፤ ለደብረ ዳሞ ማገር ግን የጽድና የወይራ ምትክ አይሆንም። በጎጃምና በጎንደር እርሻው በሰፋበት አገር ሁሉ የአገሩ ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባለው ደን ነው፤ እርሱም ያለ አባቶች ጥበቃ ባልቆየ ነበር።

አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲያፈስ ወይም ሲሰነጠቅ፣ አፍርሶ በሲሚንቶ መሥራት ለምእመናን እንደ በጎ ሥራ ይታያቸዋል፤ ከፍቅርም የሚደረግ ነው። ነገር ግን ግንቡ ሲፈርስ ማገሩ ማገዶ ይሆናል፤ ማገሩን እንዴት እንደሚያያይዝ የሚያውቀው ጠራቢም ሥራ አጥቶ ልጁን ሌላ ሥራ ያስተምራል። ከሠላሳ ወይም ከዐርባ ዓመት በኋላ የሲሚንቶው ብረት ዝጎ ሲሰነጠቅ፣ ወደ ጥንቱ አሠራር ለመመለስ ዛፉም ሰውየውም አይገኙም።

ስለዚህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደብር ሁሉ ሦስት ነገሮችን አብሮ ቢጠብቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ለጥገና የሚሆን ጽድና ወይራ በቅጥሩ ውስጥ እየተተከለ እንዳይቆረጥ ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ከፈረሰው የሚገኘው ደኅና ማገርና ደንጊያ ሳይጣል በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ የተሰበረ መርከብ ዕንጨት ቤት እንደ ሆነ ታይቷልና። ሦስተኛ፣ አሮጌው ጠራቢ ሳይሞት አንድ ወጣት በአጠገቡ ቆሞ ይማር። ዛሬ የሚተከለው ጽድ ማገር ለመሆን የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚተክለው ሰው ሲጋደም አያየውም፤ በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ የሚጸልዩት ግን ሳያዩአቸው ከተከሉላቸው ሰዎች ዕንጨት በታች ቆመዋል።